ሆ! ያለ ሁሉ ሀን አያውቅም

አያ እንደዱሮ ደግሞ መጣ። ተጠጉለት፣ ቦታ ልቀቁለት። ዛሬ ይዞት የመጣው ወሬ ይኼ ነው፦ «የአንደኛ ክፍል ልጅ ሀሁን ከዘመረ አነበበ ማለት ነው። በየቀኑ የንባብ ሰዓት፣ የድምፅ ጨዋታ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ማንበብ፤ ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው!»

ሰማችሁት? ቅንጦት አለ። ጋዜጣ ሲገዛ ያየው ሰው «አንባቢ ነው» ብሎ ያደንቀው ነበር፤ ቃሪያ ሲጠቀልልበት እስኪያየው ድረስ። ንባብ ለሱ መጠቅለያ ነው። እንኳን ምንባብ ሊያነብ ምግብ ቤት ገብቶ ዝርዝሩን ሲሰጡት «የተለመደውን» ይላል፤ ቤቱን ግን የዚያን ቀን ማየቱ ነው!

እሺ አያ እንደዱሮ፣ ና ክፍል እንግባ። ስልሳ ልጅ፣ አንድ ጠመኔ፣ አንዲት መምህርት። «ሀ!» ትላለች፤ «ሀ!» ይላሉ። «ሁ!» «ሁ!» ጣሪያው ሊነሳ ደረሰ። አንተ በመስኮት አንገትህን አስገብተህ «ጎበዞች!» ትላለህ። ጎበዞችስ ናቸው፤ ሳንባቸው ጎበዝ ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ ንብ አለ፤ ንባብ የለም። የኋላ ወንበር ላይ ያለውን ልጅ ደግሞ ተመልከተው፤ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ ነው። ባንተ ቤት እሱም አነበበ። ሆ ማለት ሀ ማወቅ ቢሆን ኖሮ የስታዲየም ደጋፊ በሙሉ ዲግሪውን በጫነ ነበር!

ካላመንከኝ ሰሌዳው ጋ ውጣ። ከሰንጠረዡ መሃል አንዲት ፊደል ምረጥ፤ «ቴ»ን በላት። ለብቻዋ ጻፋት፣ ዙሪያዋን ባዶ አድርገው። አሁን ያን ጉሮሮው ሊቀደድ የደረሰውን ልጅ ጥራና «ይህች ማን ናት?» በለው። ልጁ ጣሪያውን ያያል። ጣሪያው ላይ አልተጻፈም። ከዚያ በሹክሹክታ ከሀ ይነሳል። ሀ፣ ሁ፣ ሂ… ለ፣ ሉ፣ ሊ… «ቴ» ጋ ሳይደርስ ደወሉ ይደርሳል። ስልክ ቁጥሩን ከመጀመሪያው ካልጀመረ መሃሉን መንገር እንደማይችል ሰው ነው። «ፊደል ቆጥሯል» ትለኛለህ። እውነትህን ነው፣ ቆጥሯል፤ የጎደለው ንባቡ ነው። መብራት ኃይል እንኳን ይህን ያውቃል፤ ቆጣሪው ሌላ፣ ቆጣሪ አንባቢው ሌላ!

«እኛ እኮ የኔታ ዘንድ እንዲህ ተምረን ነው ሰው የሆንነው» አለ ደግሞ። ቆይ፣ ቆይ! የኔታን አትጥራ። የኔታ ቢሰሙህ ስንደዷቸውን ከፊደሉ ላይ አንስተው አንተ ላይ ያሳርፉታል። ከየኔታ ቤት ይዘኸው የወጣኸው ጩኸቱን ብቻ ነው። ሀሁ ሲያልቅ ምን መጣ? አቡጊዳ! አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። የፊደላቱ ተራ ተቀየረ፣ ቤቱም ተበወዘ፤ አንዱ ከግዕዝ፣ ቀጣዩ ከካዕብ፣ ሦስተኛው ከሣልስ። ለምን ይመስልሃል? ልጁ ፊደሏን በራሷ መልክ እንዲያውቃት ነው፣ በጎረቤቶቿ አስታኮ እንዳያልፋት። በዜማው ላይ ተኝቶ የሚሄደውን መቀስቀሻ ነው። አንተ ግን ሀሁ ላይ እንቅልፍ ወስዶህ አቡጊዳ ሲያልፍ ሳትሰማ ቀረህ።

ከአቡጊዳስ በኋላ? መልእክተ ዮሐንስ። ልጁ በስንደዶ እየነካ ፊደል በፊደል ይለቅማል። ከዚያ ግዕዝ ንባብ፣ ከዚያ ውርድ ንባብ፣ ከዚያ ቁም ንባብ፤ ወንጌሉ፣ ዳዊቱ። በየቀኑ፣ በየግሉ፣ የኔታ ፊት ቀርቦ! ትልቁ ተማሪ ትንሹን ያስቀጽላል፤ ትንሹ ከሱ ያነሰውን። እስቲ ታዳሚ ፍረዱኝ፤ ይህ ምንድን ነው? በየቀኑ የሚካሄድ፣ ደረጃ ያለው፣ እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው የሚደመጥበት የንባብ ሥርዓት ነው! «እንደ ዱሮው» ካልክ ዱሮው ከኔ ጋር ነው። አንተ የዱሮ ሰው እንኳን አይደለህም፤ የዱሮ ወሬ ነህ።

አሁን ደግሞ ጎኑን ቀየረ። «የአማርኛ ፊደል ራሱ ድምፅ ነው፤ የድምፅ ልምምድ ለፈረንጅ ይሁን!» አለ። እዚህች ላይ አንዲት ነጥብ እሰጠዋለሁ፤ ለዓመቱ ትበቃዋለች። ፊደላችን በርግጥ ለልጅ ደግ ነው፤ «በ» ሁልጊዜ «በ» ነው። ግን 33ቱ በሰባት ቤት ሲበዙ 231 ይሆናሉ፤ እነ ቋና ጓ ሳይቆጠሩ። ይህን ሁሉ የሰባት ዓመት ልጅ በሆ አይወጣውም፤ የሚወጣው ሥርዓቱን ካየ ነው። ሉ፣ ቡ፣ ሱ፣ ኩ፤ ካዕቡ ጎኑ ላይ ጭረት ያወጣል። ሊ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኪ፤ ሣልሱ ጭረቱን ወደ እግሩ ያወርዳል። ሌ፣ ቤ፣ ሴ፣ ኬ፤ ኃምሱ ሽማግሌ ሳይላክለት ቀለበት ያስራል። ሩና ፉ ከሰልፉ የሚወጡ ናቸው፤ ለብቻቸው ይተዋወቋቸዋል። ጭረቷን ያስተዋለ ልጅ አንዱን ቤተሰብ ሲያውቅ የሌላውን ግማሽ አወቀ። ጭረቷን ያላስተዋለ ግን ጭራሽ! አንተ ካዕብ ላይ የካብከው ካብ ሣልስ ላይ ተንዷል።

ሳድሱማ የባሰ ነው፤ መልኩ አይጨበጥም፣ ድምፁም አይጨበጥም። «ልብስ» የሚለውን ለዘማሪህ ስጠው። «ልእ፣ ብእ፣ ስእ» ይልሃል፤ ለብሶ ሳይጨርስ ብርድ ገደለው። ብና ስ እዚህ ቃል ውስጥ አናባቢያቸውን አውልቀው እንደሚቀመጡ ማን ይንገረው? ሰንጠረዡ አይናገርም። በጆሮ ሰምቶ፣ በአፉ አጣብቆ፣ በየቀኑ መለማመድ አለበት። «ይመታል» ብለህ ደግሞ ጻፍለት። መቺ ነው ተመቺ? የሚጠብቀውና የሚላላው ድምፅ ምልክት የለውም፤ የሚለየው ጆሮና የዓረፍተ ነገሩ ሐሳብ ነው። «ገና»ም እንደዚሁ፤ ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አልደረሰም፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓል ነው። አያ እንደዱሮ ግን ጠብቆም ላልቶም ገና ነው!

«ቢሆንም እስከ ፐ ሳይደርስ ቃል አይነካም» አለ። እዩት፣ ልጁን ዓመቱን ሙሉ ሊያስጦመው! የፊደል ገበታ፤ ስሙ ገበታ ነው፣ ልጁ ግን ቀርቦ ሳይቀምስ ይነሳል። ስማኝ፤ በ፣ ለ፣ መ፣ ሰ። አራት ቤተሰብ ብቻ። ከነዚህ «ላም» ይወጣል፣ «ሰላም» ይወጣል፣ «ልብስ»፣ «ስም»፣ «በላ»፣ «ሙላ» ይወጣሉ። ልጁ መስከረም ላይ ገብቶ ጥቅምት ሳይጠባ ቃል ያነባል። ቃል ያነበበ ልጅ ደግሞ ማን ይችለዋል! የሱቅ ሰሌዳ፣ የታክሲ ታፔላ፣ የዱቄት ከረጢት፤ ያገኘውን ሁሉ ያነባል። ታዲያ ከነዚያው ከአራቱ ፊደላት «ሰበብ» ይጻፋል፤ «መልስ»ም ይጻፋል። አንተ ሰበብን መረጥክ፤ እኔ መልሱን ይዤ መጣሁ።

«ጊዜውስ? ፔሬዱ አርባ ደቂቃ፣ ልጁ ስልሳ!» አለ ጣቱን እያጠፈ። እልል በሉ፣ ሒሳብ ጀመረ! አርባ ደቂቃ ሀሁ የሚያስጮህ ሰው ሰማንያ ቢጨመርለት የሚያስረዝመው ጩኸቱን ነው። በል እኔ ላካፍልህ፣ አንተ እጠፍ።

መጀመሪያ መጽሐፍ ሳይከፈት አምስት ደቂቃ የጆሮና የአፍ ጨዋታ። «ሎሚ፣ ላም፣ ሌሊት፣ በግ፤ በመነሻ ድምፁ ባዳው ማን ነው?» ትላለች መምህርቷ። ልጆቹ በጉን ያስወጣሉ። ተቀመጥ እንጂ አያ እንደዱሮ፣ አንተን አላሉም! «ገበያ»ን በጭብጨባ ይከፋፍላሉ፤ ገ፣ በ፣ ያ። የመጀመሪያዋን ብንጥላት ምን ይቀራል? ይስቃሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ያርማሉ። ዓይናቸው ገና ፊደል ሳያይ ጆሯቸው ሥራ ጀምሯል።

ቀጥሎ አሥር ደቂቃ ለፊደል። የትናንቷና ያለፈው ሳምንቷ ተበውዘው በካርድ ይጠየቃሉ፤ የዛሬዋ ትገባለች። መምህርቷ አድርጋ ታሳያለች፤ አብረው ያደርጋሉ፤ ከዚያ ልጁ ብቻውን ያደርጋል። ይህችን «ብቻውን» የምትለዋን ነው ያንተ ሆታ የዋጣት። ሁለቱን ደረጃ ወጥተህ ሦስተኛው ላይ ልጁን ጥለኸው ትወርዳለህ።

ከዚያ ፊደሎቹ ይገጣጠማሉ፤ ቃል፣ ቀጥሎም ከዚያው ቃል አጭር ዓረፍተ ነገር። ከዚያ ጥንድ ጥንድ። አንዱ ያነባል፣ አንዱ በጣቱ ይከተላል፣ ይቀያየራሉ። «ማን ይቆጣጠራቸዋል?» ትላለህ። እርስ በርሳቸው! የሰባት ዓመት ልጅ የጓደኛውን ስህተት አይቶ ዝም የሚል ይመስልሃል? ይህ ሲሆን መምህርቷ ወንበር ለወንበር ትዞራለች። በቀን 12 ልጅ ትሰማለች፤ ለአንዱ አንድ ደቂቃ እንኳን አይሞላም። ሰኞ 12፣ ማክሰኞ 12፣ ረቡዕ 12፣ ሐሙስ 12፤ ዓርብ ላይ ስልሳውም ተሰምቶ አለቀ። የእጅህ ጣት ካለቀብህ ጫማህን አውልቅ። ማን ሳድስ ላይ እንደሚወድቅ፣ ማን «በ»ና «ሰ»ን እንደሚያምታታ፣ ማን ገጹን ሳያይ በቃሉ እንደሚወርደው ደብተሯ ላይ ሰፍሯል። በሆታህ ጊዜ ይህን አንዱንም አታውቀውም፤ የምታውቀው የማን ድምፅ እንደሚጎላ ነው። መዝጊያው ላይ ቃለ ጽሕፈት፣ ሦስት ቃል። ደወል!

ቁም ነገሩ ይህ በየቀኑ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል መሄዱ ነው። መስከረም ላይ ሁለት ሳምንት ሥርዓቱን ብቻ ያለማመደች መምህርት ዓመቱን ሙሉ «ዝም በሉ» ማለት አይጠበቅባትም። «ጥንድ» ስትል ስልሳው ልጅ ወደ ጓደኛው ይዞራል፤ «ካርድ» ስትል የክፍል አለቃው ያድላል። ልጅ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ሲያውቅ ልቡን ለፊደሉ ይሰጣል። አንድ ቀን ንባብ፣ ሦስት ቀን ስብሰባ፣ አንድ ቀን «መምህርቷ የለችም» ከሆነ ግን የትናንቷ ፊደል ዛሬ እንግዳ ናት። እንግዳ ፊደል ደግሞ ቡና አታፈላም፣ ቃልም አትሠራም።

«መጽሐፍ የለማ!» ብሎ ተነሳ። ተቀመጥ። ካርቶን አለ? ይቆረጣል፣ ፊደል ይጻፍበታል፣ ገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ይሰካል። ሰሌዳ አለ? ልጆቹ ትናንት ያዩትን ይናገራሉ፣ መምህርቷ በእነሱው ቃል አራት መስመር ትጽፋለች፣ ያው ምንባብ ሆነ። ሚኒ ሚዲያ አለ? በእረፍት ሰዓት ዘፈኑ ትንሽ ይረፍና የሦስተኛ ክፍል ልጅ ተረት ያንብብበት። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሐዋሳ ላይ ለልጆች መጽሐፍ በአህያ ጋሪ አዙረዋል። በአህያ! የሐዋሳዋ አህያ ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ስትጎትት አንተ አንዲት ቀጭን የተረት መጽሐፍ ከሱቅ እስከ ቤትህ ከበደችህ። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የሚለው የልጆች ዝግጅት ላይ ደግሞ አንዲት የአሻንጉሊት ቀጭኔ ስንቱን ልጅ ከቴሌቪዥኑ ፊት አስቀምጣ አስተምራለች። እሷ አንገቷን ያስረዘመችው ለመማር ነው፤ አንተ ያስረዘምከው በመስኮት ገብተህ «ጎበዞች» ለማለት!

መጽሐፉ በመጣበትስ ጊዜ ምን ሆነ? ባለፉት ዓመታት አማርኛን፣ አፋን ኦሮሞን፣ ትግርኛን፣ ሶማልኛን፣ ሲዳምኛን፣ ወላይትኛንና ሀዲይኛን ጨምሮ በአፍ መፍቻ ቋንቋዎች ለንባብ ትምህርት ተብለው መጻሕፍት ተዘጋጅተዋል። ታዲያ የአያ እንደዱሮ ወንድም የሆነ ኃላፊ «እንዳይቀደዱ» ብሎ ስቶር ይቆልፍባቸዋል። አዎ፣ አልተቀደዱም። አይጥ ግን ሁለተኛ ክፍልን አጠናቃለች።

አሁን የመጨረሻ ጥይቱን አወጣ፦ «ተወው ባክህ፣ ሲያድግ ያነባል።» እዚህ ላይ ሁላችሁም ስሙ። በ2002 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ በተለያዩ ክልሎች በተካሄደ የንባብ ምዘና 34 በመቶ የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከቀረበላቸው አጭር ምንባብ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። አንዲት! እነዚህ ከብት ጥበቃ የዋሉ ልጆች አይደሉም። ክፍል ገብተው፣ ወንበር ይዘው፣ ሁለት ዓመት ሆ ሲሉ የከረሙ ናቸው። የዓለም ባንክ ደግሞ በአገራችን አሥር ዓመት ከሞላቸው ልጆች 90 በመቶው ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም ይላል። «ሲያድግ» አልክ አይደል? አደገ እኮ! ቁመቱ አደገ፣ ሱሪው አጠረ፣ ንባቡ ባለበት ቆመ። አራተኛ ክፍል ሲደርስ ሳይንሱም በጽሑፍ ነው የሚጠብቀው፣ የሒሳብ ጥያቄውም በጽሑፍ ነው። ዘጠኝ ብርቱካን ለሦስት ልጆች ማካፈል የማይከብደው ልጅ «ብርቱካን» የምትለዋ ቃል ላይ ይወድቅና ሒሳብ አይችልም ይባላል። ንባብ ያልሰጠኸው ልጅ እንባ ይዞ ይመጣል፤ ያንተ ሶፍት ደግሞ አይበቃውም።

«የኔ ልጅ እንኳን ኤቢሲዲ ጠንቅቆ ያውቃል» ብሎ በዚያ በኩል ሾለከ። አመለጠ ብላችሁ እንዳትሰጉ፤ በዚያ በኩል አጥር ነው። ኤቢሲዲንም በዜማ ነው የያዘው! አሁን በሽታው ሁለት ቋንቋ ቻለ። «ደብሊው» ብሎ ተነስቶ «ዋተር» ላይ እንዴት እንደሚደርስ ጠይቀው እስቲ፤ ልጁ በውኃ ጥም ያልቃል። በሚናገረው ቋንቋ ፊደልን ወደ ድምፅ፣ ድምፅን ወደ ቃል መለወጥ የለመደ ልጅ ሁለተኛው ቋንቋ ላይ መንገዱን ያውቀዋል። ያልለመደው ግን በሁለት አገር ዜማ ዲዳ ነው። ለዚህ ደግሞ በወር ስንት ሺህ ትከፍላለህ! ሆታ እንዲህ ከተወደደ ስታዲየሙ ይሻልሃል፤ እዚያ ቢያንስ ጎል አለ።

«በሉ ያስተምሩት፤ እኔ ቤት ምን አገባኝ?» አለ ከበር ላይ። ይግባህ እንጂ! ልጁ ማታ አሥር ደቂቃ ጮክ ብሎ ያንብብልህ። ዳዊት መድገም አልተጠየቅክ፤ አጠገቡ ቁጭ በልና «ከዚያስ ምን ሆነ?» በለው። ማንበብ የማትችል እናት እንኳን ይህን ትችላለች፤ ተረት ደግሞ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። በተረት ሺህ ቃል የሰማ ልጅ ያንኑ ቃል ገጽ ላይ ሲያገኘው «አውቅሃለሁ» ይለዋል። ቃሉን ሰምቶት የማያውቅ ልጅ ፊደሉን ቢገጣጥመውም ማንን እንዳገኘ አያውቅም።

ሄደ። በቅጡ ሳይሰናበት ሄደ። እናንተ ግን ቆዩኝ፣ ቀልዱን ላቁመው። ርዕሳነ መምህራን፣ የዘንድሮን የጊዜ ሰሌዳ ስታወጡ ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል የመጀመሪያውን ፔሬድ በየቀኑ ለንባብ ስጡት፤ የሰልፉ ንግግር እንዳይበላው፣ ስብሰባም እንዳይነካው። «የደከመው ሕፃናቱን ይያዝ» የሚለውን አመዳደብ ተዉና ከመምህራኑ ሁሉ የተሻለችውን አንደኛ ክፍል አስገቧት፤ በዓመቱ መሃልም አታንሷት። ወረዳዎች፣ ሱፐርቫይዘር ስትልኩ የትምህርት ዕቅዱን ማኅተም ብቻ አይቶ አይመለስ፤ አምስት ልጆች ያስነብብና ውጤቱን ለመምህርቷ ይንገራት። ወላጆች፣ በወላጆች ስብሰባ ላይ ስለ ዩኒፎርም ቀለም ከመከራከራችሁ በፊት የንባብ ሰዓቱ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቁ። ስቶር ያለውን መጽሐፍ ደግሞ ነገ ጠዋት አውጡና ለልጆቹ አድሏቸው፤ ይቀደድ።